የቀይ አፈር ሕመም

በ1960ዎቹ ኡመን የተባለ ሐኪም የኢትዮጵያን ገበያዎች እየዞረ የገበያተኛ እግር ይቆጥር ነበር። ዝሆኔ የያዘው ገበሬ ሆስፒታል ብዙም አይታይም፤ ገበያ ግን እያነከሰም ቢሆን ይወጣል። በ1969 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያሳተመው ጥናት 56 ገበያዎችን የሸፈነ ሲሆን፣ ሐኪሞችን ያስቸገረ ነገር ይዞ መጣ። በሕክምና መጻሕፍት ዝሆኔን የሚያመጣው ትንኝ የምታስተላልፈው ትል ነው። ያበጠ እግር በብዛት የታየው ግን ትንኝ በማይበረታበት ደጋና ወይና ደጋ ነበር።

ታዲያ ከየት መጣ?

መልሱን በ1970ዎቹ ያገኘው ኧርነስት ፕራይስ ነው፤ ብዙ ዘመኑን በሥጋ ደዌ ሕክምና ያሳለፈ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም። ከሕመምተኞች ንፍፊት ናሙና ወስዶ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምር የሲሊካና የአሉሚኒየም ብናኝ አገኘ። ምንጩ እሳተ ገሞራ የተፋው ዓለት ፈርሶ የሚፈጥረው ቀይ አፈር ነው፤ ዝናብ በሚበዛበት ከፍታ ቦታ ይገኛል፤ ወላይታና ጎጃም የታወቁ ናቸው። ብናኙ በባዶ እግር ቆዳ ሰርጎ የሊምፍ ቧንቧዎችን ያቆስላል፤ ቁስሉ ሲጠግግ መንገዱ ይዘጋል፤ እብጠቱም ከእግር ጣት ጀምሮ ወደ ጉልበት ይወጣል። በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ይኸው በሽታ ነበር። ሕዝቡ ጫማ ሲለምድ ጠፋ፤ ያጠፋው መድኃኒት አይደለም።

ጎረቤት ግን የራሱ ማብራሪያ ነበረው፦ በዘር ነው፣ አለዚያም ይጋባል። የሚጋባ ስለመሰለ አብሮ መቀመጥ ተፈራ፤ በዘር ነው ስለተባለ የሕመምተኛ እህትና ወንድም ሳይቀሩ ትዳር ራቃቸው። በዚህ የተማረውም አልተሻለም። በደቡብ ኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች ሲጠየቁ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታው ተላላፊ ነው ብለው መለሱ።

ነገሩ የተወሳሰበው ሳይንሱ የጎረቤትን ወሬ በከፊል ሲያረጋግጥ ነው። አንድ እርሻ ላይ በባዶ እግር ከሚውሉ ሰዎች አንዱ ታሞ ሌላው ደህና የሚሆነው ለምንድን ነው? በ2007 የወጣ ጥናት ተጋላጭነቱ 63 በመቶ ከውርስ ጋር እንደሚያያዝ ገመተ። በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ በወላይታ ባደረጉት ምርምር ሰውነት ባዕድ ነገርን የሚለይባቸው ዘረመሎች ላይ ልዩነት አግኝተው በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን አሳተሙ። ተመራማሪዎቹ ደም ከመውሰዳቸው በፊት መንደሩን ስለ ራሱ ስለ ጥናቱ ጠይቀው ነበር፤ የሰማቸው ሰው «የዘር ነው» የሚለው ቃል መገለሉን ያባብሳል ብሎ ሰጋ። ስጋቱ ተገቢ ነበር። «በዘር ነው» የሚለው የ63 በመቶው ወሬ መንደር ሲገባ፣ ጫማ ያደረገ ልጅ ግን አይታመምም የሚለው መንገድ ላይ መቅረቱ አይቀርም።

ለታመመው ደግሞ ሕመሙ ዕድሜ ልክ ነው። በወላይታ በ2006 የታተመ ስሌት ሕመምተኛው ካለው የሥራ ቀን 45 በመቶውን እንደሚያጣ አሳይቷል። በጣም የሚያሠቃየው እብጠቱ ብቻ አይደለም፤ በድንገት የሚነሳው ትኩሳትና ቁርጥማት ያለው ግርሻ አልጋ ላይ ይጥላል። እግር በሳሙናና ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውኃ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ፋሻ ማሰርና ጫማ ማድረግ ይረዳል ተብሎ ለዓመታት ሲሠራበት ቢቆይም በደንብ የተመዘነው ዘግይቶ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ውጤቱም በ2018 ታተመ። እንክብካቤውን ያገኙት በዓመት በአማካይ 19 ጊዜ ያህል ግርሻ ሲነሳባቸው፣ ያላገኙት 24 ጊዜ ያህል ተነሳባቸው። ልዩነቱ እውነተኛ ቢሆንም፣ ሳሙናውም ጫማውም ኖሮ በወር ከአንዴ በላይ ይታመማሉ ማለት ነው። የሁለተኛው ቡድን አባላት የጥናቱ ዓመት ካለቀ በኋላ ያው እንክብካቤ ተሰጥቷቸዋል።