ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ትምህርት አነሳስ

ኦቲዝም የሚለው ስም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአገራችን የጤናና የትምህርት ተቋሞች እየተለመደ መጥቷል። ሆኖም ይህ ከልጅነት ጀምሮ አብሮ የሚያድግ የአእምሮ እድገት ልዩነት በትምህርት ቤት እንዴት ተቀባይነት እንዳገኘ የሚያስረዳው ታሪክ በመምህራን ዘንድ እምብዛም አይታወቅም። አዘውትሮ የሚነገረው የሐኪሞቹ ታሪክ ነው፤ ይኸውም ማን ቀድሞ ስም አወጣለት፣ ማን ምልክቶቹን ዘረዘረ የሚለው ነው። እነዚህን ልጆች ማን አስጠጋቸው፣ ማንስ አስተማራቸው የሚለው ጥያቄ ወደ ኋላ ቀርቷል። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ይገንዘብልን።

በ1938 በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ለነበሩት ለዶክተር ሊዮ ካነር፣ በሚሲሲፒ ክፍለ ሀገር ፎረስት ከምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ደብዳቤ ደረሳቸው። ጸሐፊው የሕግ ባለሙያ የሆኑ አባት ሲሆኑ፣ ስለ ልጃቸው ስለ ዶናልድ ትሪፕሌት ያዩትን ሁሉ በ33 ገጽ አስጽፈው ልከዋል። ልጁ ብቻውን ሲሆን ደስ ይለዋል፤ ሰው ወደ ቤት ሲገባ ቀና ብሎ አያይም፤ የሚሽከረከር ነገር ይማርከዋል፤ የለመደው አሠራር ሲዛነፍ ክፉኛ ይቆጣል። በአንጻሩ ደግሞ በሁለት ዓመቱ ከመዝሙረ ዳዊት 23ኛውን፣ በእኛ ዳዊት 22ኛው የሆነውን፣ በቃሉ ይወጣው ነበር። ካነር በ1943 ስለ 8 ወንዶችና 3 ሴቶች ልጆች ያካሄዱትን ጥናት ሲያሳትሙ የመጀመሪያው ባለ ታሪክ ዶናልድ ሲሆን፣ ስለ እርሱ ከሰፈረውም ብዙው የተወሰደው ከዚሁ ደብዳቤ ነው። እርግጥ ነው፣ በሞስኮ ግሩንያ ሱካሬቫ የተባሉ ሴት ሐኪም ከዚያ በፊት በ1925 ስለ ተመሳሳይ ልጆች ጽፈው ነበር፤ በቪየናም ሐንስ አስፐርገር በ1944 የራሳቸውን ጥናት አውጥተዋል። ዳሩ ግን የዶናልድ ታሪክ እስከ ሽምግልናው ድረስ ተመዝግቦ የተገኘ በመሆኑ ለመምህር የሚሰጠው ትምህርት ከሁሉም ይልቃል።

ወላጆቹ ደብዳቤውን ከመጻፋቸው በፊት፣ በ1937፣ ዶናልድ አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በሐኪሞች ምክር ከቤት ርቆ በሚገኝ ተቋም አስገብተውት ነበር። የዚያን ጊዜው አስተሳሰብ እንዲህ ያለውን ልጅ ከቤተሰብ መለየት ለልጁም ለወላጆቹም ይበጃል የሚል ነበር። ልጁ በዚያ አንድ ዓመት ያህል ቆየ። በኋላ ወላጆቹ የተቋሙን ኃላፊ ተቃውሞ ችላ ብለው ወደ ቤት መለሱት። ይህች ውሳኔ በሕክምናው መዝገብ ብዙ ቦታ አልተሰጣትም፤ የልጁን ዕድል የለወጠችው ግን እርሷ ናት ብንል ከእውነት አንርቅም።

በ1942 ገደማ ወላጆቹ ዶናልድን ከከተማው 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በሚኖሩ ልጅ በሌላቸው ገበሬ ባልና ሚስት ዘንድ አስቀመጡት። ካነር በ1945 ሊጎበኙት ሄደው ባዩት ነገር እጅግ ተደነቁ። ባልና ሚስቱ ስለ ኦቲዝም የሰሙት ነገር አልነበረም። ልጁ ያገኘውን ሁሉ መለካት ይወድ ስለነበር የውኃ ጉድጓድ እንዲቆፍርና ጥልቀቱን እንዲነግራቸው አደረጉት። የሞቱ ወፎችንና ነፍሳትን መሰብሰብ ባበዛ ጊዜ የመቃብር ቦታ ከልለው ሰጡት፤ እርሱም በእያንዳንዱ መቃብር ላይ ምልክት ያቆም ጀመር። የበቆሎውን ትልም ደጋግሞ መቍጠር በጀመረ ጊዜ ደግሞ እያረሰ እንዲቈጥር ሞፈሩን አስያዙት። ካነር በሄዱበት ቀን ልጁ ስድስት ረጃጅም ትልሞች አርሶ አሳያቸው። በዚያ አገር የሚታረሰው በፈረስ ነውና፣ ፈረሱን ከትልሙ ጫፍ አዙሮ ሲመልስ የነበረውን ቅልጥፍና ሐኪሙ ከብዙ ዓመታት በኋላም አልረሱትም። በአካባቢው በነበረው የገጠር ትምህርት ቤትም መምህራኑ ጠባዩን እንዳለ ተቀብለውት ነበርና ትምህርቱ በመልካም ተራመደ።

የሥርዐተ ትምህርት ባለሙያ ይህን ሲያነብ ብዙ ነገር ይታየዋል። ገበሬዎቹ የልጁን መቍጠር አልከለከሉም፤ ዝም ብለው አልተዉትምም። ልማዱን ይዘው ሥራ ሰጡት። በማሠልጠኛ ኮሌጆቻችን ተማሪው ካለበት መነሳት እያልን የምናስተምረውን መርሕ በአንድ የበቆሎ ማሳ ላይ ፈጸሙት ማለት ነው።

ካነር በ1971 የእነዚያን 11 ልጆች የኋላ ሕይወት ተከታትለው ጻፉ። ውጤቱ ልብ ይነካል። አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በመንግሥት የአእምሮ ሕሙማን ተቋሞች ያሳለፉት አራቱ፣ በልጅነታቸው የነበራቸውን የማስታወስና የመማር ችሎታ ሁሉ አጥተው ተገኙ። ከልጆቹ መካከል በግልጽ የተሳካላቸው ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ አንደኛው ዶናልድ ነው። አቶ ዶናልድ በ1958 ከሚልሳፕስ ኮሌጅ በዲግሪ ተመርቀው በፎረስት ከተማ የባንክ ሠራተኛ ሆነዋል፤ መኪና ይነዱ፣ ጎልፍ ይጫወቱ፣ አገር ላገር ይዞሩ ነበር። በ2023 በ89 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ቤተሰባቸው ባለ ሀብት እንደነበረና ባንኩም የቤተሰቡ ንብረት እንደነበረ መሸሸግ አይገባም። የድኻ ልጅ ቢሆኑ ኖሮ ከአራቱ ጋር አምስተኛ ይሆኑ ነበር ብለን እንጠረጥራለን።

በእነዚህ ሁለት ጥናቶች መካከል ባለው ዘመን ሕክምናው የተሳሳተ መንገድ ይዞ ነበር። ልጆቹ እንዲህ የሆኑት የእናቶቻቸው ልብ ስለ ቀዘቀዘባቸው ነው የሚል አስተሳሰብ ተስፋፋ። ካነር ራሳቸው በ1949 ለዚህ አስተያየት በር ከፍተዋል፤ በቺካጎ የነበሩት ብሩኖ ቤትልሃይም ደግሞ በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ አስፋፉት። የኦቲዝም ልጅ አባት የሆኑት የሥነ ልቦና ምሁር በርናርድ ሪምላንድ በ1964 ባወጡት መጽሐፍ ችግሩ ከአእምሮ አፈጣጠር እንደሚመነጭ ተከራከሩ። ካነርም በ1969 በወላጆች ጉባኤ ላይ ተገኝተው ወላጆችን ከክሱ ነጻ አወጡ። በ1977 ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር 21 መንትዮችን ጥንድ በጥንድ ሲመረምሩ፣ ከአንድ እንቍላል ከተገኙት 11 ጥንዶች መካከል በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ኖሯቸው ተገኘ፤ ከሁለት እንቍላል ከተገኙት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም አልታየም። በዘር የሚተላለፍ ምክንያት እንዳለበት ከዚህ በኋላ መካድ አልተቻለም።

ክርክሩ በሐኪሞች መካከል ሳያልቅ በለንደን አንዲት መምህርት ሥራ ጀምረው ነበር። ሲቢል ኤልጋር የተባሉት እኚህ መምህርት በሞንቴሶሪ ዘዴ የሠለጠኑ ሲሆኑ፣ ጥቂት ልጆችን በመኖሪያ ቤታቸው ምድር ቤት ያስተምሩ ነበር። በ1962 የተቋቋመው የወላጆች ማኅበር በ1965 በኢሊንግ ትምህርት ቤት ሲከፍት የመሩት እርሳቸው ናቸው። ሥራው የተደራጀ ክፍል፣ የታወቀ የቀን ፕሮግራም፣ አጭርና ግልጽ ትእዛዝ ነበር። በ1973 ሎረንስ ባርታክና ማይክል ራተር ሦስት የትምህርት ክፍሎችን አወዳድረው ባወጡት ጥናት፣ በሥነ ልቦና ሕክምና ላይ ካተኰረውና ልጆቹን በፈቀዳቸው ከሚተወው ይልቅ፣ በተደራጀ መልክ ማስተማርን ዋና ሥራው ያደረገው ክፍል ልጆች በንባብና በሒሳብ የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። በሰሜን ካሮላይና ኤሪክ ሾፕለር ወላጆችን የሥራው ተባባሪ አድርገው፣ ከ1972 ጀምሮ በክፍለ ሀገሩ ሁሉ የተዘረጋ አገልግሎት መሠረቱ። ሕጉ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ በአሜሪካ አካል ጉዳተኛ ልጆች ሁሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት የመማር መብት ያገኙት በ1975 በወጣው ሕግ ነው።

በአገራችንም አጀማመሩ ተመሳሳይ ነው። በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የኦቲዝም ማዕከል፣ ጆይን፣ በ2002 ያቋቋሙት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ሐኪም አልነበሩም፤ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ያጡ እናት ነበሩ። ልጆች ፊደልን ከድምፁ ጋር አያይዘው እንዲናገሩ የሚረዳውን አቡጊዳ ፎነቲክስ የተሰኘ ዘዴም አዘጋጅተዋል። በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። በወላጆች የተመሠረተው ነህምያ ማዕከልም ከጆይ በኋላ የተከፈተ ነው። የትምህርት ሚኒስቴር በ2006 የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አውጥቶ በ2012 አሻሽሎታል፤ ነገር ግን ማዕከሎቹ በዋና ከተማው ተወስነው፣ በገጠር ያለው ልጅ በአብዛኛው ከቤት አልወጣም።

በጤናው በኩል የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በተዘጋጀው ሥልጠና ውስጥ ስለ ልጆች የአእምሮ እድገት ችግር የሚያስረዳ ክፍል ገብቶበታል፤ የሠለጠኑት ሠራተኞች ስለ ኦቲዝም ያላቸው የተዛባ አመለካከት መቀነሱም በጥናት ታይቷል። እነዚህ ሠራተኞች ቤት ለቤት የሚዞሩ ስለሆኑ የተደበቀውን ልጅ ከመምህሩ ቀድመው ያገኙታል። መምህሩ በፋንታው ሐኪሙ የማያውቀውን ያውቃል። ልጁ ሲነኩት ይደነግጣልን? ነጭ ካፖርት ወይስ የሕዝብ ጫጫታ ያስጨንቀዋል? ሕመሙን በአፉ መናገር ካልቻለ በምን ያመለክታል? መርፌ ከመወጋቱ በፊት የሚሆነውን በሥዕል ቢያሳዩት ይረጋጋልን? ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ተጽፎ ወደ ጤና ጣቢያው ቢላክ ምርመራው ለልጁም ለሐኪሙም ይቀላል።

ስለዚህ በማሠልጠኛ ኮሌጆች የማስተማር ልምምድ ላይ እጩ መምህራን አንድን ልጅ ለአራት ሳምንት ተከታትለው ያዩትን ብቻ እንዲጽፉ ቢደረግ መልካም ነው እንላለን። ልጁ ምን እንደሚቈጥር፣ ምን እንደሚሰበስብ፣ መቼ እንደሚረጋጋ ይጻፍ። ከዚያም ጽሑፉ ከወላጆቹ ጋር ተነብቦ ይታረም። በስድሳ ልጆች ክፍል ይህ አይቻልም የሚል መምህር ቢኖር፣ ለስድሳው ሳይሆን ለአንዱ ይጀመር።