የሸርጣን ቀልድ

በ2005 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ዋሽንግተን አጠገብ ባለ አንድ የባሕር ምግብ ቤት ትሪ አመላልስ ነበር። ጸደይ ሲገባ ብርጭቆ የሚቀመጥባቸው ክብ ካርቶኖች በጥቅል መጡልን። «ሸርጣኑን አድኑ፤ ከዚያ ብሉት» ይላሉ። አንዱን ይዤ ጓዳ ገባሁና ሳህን ለሚያጥቡት ለጋሼ ተረጎምኩላቸው። ጋሼ ጎንደሬ ናቸው። እንደ እኔው ሸርጣን በአፋቸው አይዞርም፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት በእኛ ቤት አይበላም። እጃቸውን ከሳሙናው ሳያወጡ፣ «ምኑ ነው የሚያስቀው? ሰንጋስ የሚደልበው ለቢላዋ አይደል?» አሉኝ።

እኔን ግን አሳቀኝ፤ ደግሞም ነገሩን ለማወቅ ጓጓሁ።

ዘመቻው «ቼሳፒክ ክለብ» ይባል ነበር። የሚለምነውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በጸደይ ለግቢያችሁ ሣር ማዳበሪያ አትርጩ፤ የግድ ካላችሁ እስከ መኸር ቆዩ። የጸደይ ዝናብ ማዳበሪያውን አጥቦ ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ ቼሳፒክ ወሽመጥ ይከተዋል። እዚያ አልጌው ጠግቦ ይፋፋል። ሞቶ ሲበሰብስ ደግሞ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ሸርጣኑም ይታፈናል። አገሬው ወሽመጡ መታመሙን ሳይሰማ ቀርቶ አይደለም፤ ሰምቶ ሰልችቶታል እንጂ። ዘመቻውን የነደፉት ሰዎች ስለ ተፈጥሮ መስበኩን ትተው በሆድ መጡ። በቴሌቪዥን፣ በጋዜጣ፣ በእኛ ጠረጴዛ ላይ ሳይቀር፣ የሚያሳስባቸው የሸርጣኑ ነፍስ ሳይሆን የእናንተ እራት እንደሆነ እያስመሰሉ ቀለዱ።

እኔን ከሸርጣኑ ይልቅ የገረመኝ ማዳበሪያው ነው። እኔ ባደግኩበት ገበሬ ማዳበሪያ ለጤፉ በዱቤ ወስዶ ዕዳውን በአዝመራው ይከፍላል። እዚህ ላም ለማትግጠው፣ አድጎ ደግሞ በየሳምንቱ ለሚላጭ ሣር ይበተናል።

ከቀልዱ በፊት ብዙ ቁጣ ነበር። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 ወደዚሁ ወሽመጥ የሚፈሰውን የፖቶማክን ወንዝ የአገር ውርደት ብለውታል። በ1972 የንጹሕ ውኃ ሕግ ወጣ፤ ፋብሪካና የፍሳሽ ማጣሪያ ፈቃድና ገደብ ተበጀላቸው። በ1983 ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ፔንሲልቬኒያና ዋሽንግተን ከፌደራሉ መንግሥት ጋር ወሽመጡን ለማዳን ተፈራረሙ። ቱቦ ያለው ጥፋተኛ ይያዛል። የሰው ግቢ ግን ቱቦ የለውም። ወደ ቼሳፒክ የሚፈሰው ምድር ስድስት ግዛቶችን ይነካል፤ 165,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ሁሉ እጣቢ የሚቀበለው ወሽመጥ ደግሞ ጥልቀቱ በአማካይ ከ6 ሜትር ብዙም አይበልጥም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሸርጣኑም በላይ የምወደው በርኒ ፋውለር የሚባሉት የሜሪላንድ ግዛት ሴናተር ናቸው። በወጣትነታቸው ወደ ወሽመጡ በሚፈሰው ፓተክሰንት ወንዝ ውስጥ ደረታቸው ድረስ ገብተው የእግራቸውን ጣት ያዩ ነበር። በ1970ዎቹ የአካባቢ ሹም ሳሉ፣ ላይኞቹ ወረዳዎች ፍሳሻቸውን እየለቀቁብን ነው ብለው ከታችኞቹ ወረዳዎች ጋር ሆነው ፍርድ ቤት ሄዱ። በ1988 ግን ሌላ ዘዴ አመጡ። ነጭ ሸራ ጫማ አጥልቀው፣ የሰው እጅ ይዘው፣ ሰኔ ላይ ወንዙ ውስጥ ገቡ። ጫማው ከዓይናቸው ሲሰወር ቆሙ። ሱሪያቸው የራሰበት ልክ በማስመሪያ ተለካ፤ የዓመቱ የወንዝ ጤና ይኼው ነው ተባለ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ሰኔ ሹሙም፣ ሳይንቲስቱም፣ ሕፃኑም አብሯቸው ይገባ ጀመር። አስቡት እስቲ፣ የተከበረ ሴናተር በጠራራ ፀሐይ አጎንብሶ ጫማውን ሲፈልግ! ኬሚስትሪ ያልተማረ ሰው ሁሉ ገባው። ሴናተሩ በ2021 አረፉ።

የሸርጣኑ ቀልድ ሕግ አልሆነም። ሜሪላንድ በ2011 ስለ ሣር ማዳበሪያ ሕግ አወጣች፤ ባለ ግቢ ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 1 እንዳይረጭ ተከለከለ፤ መጠኑም ተወሰነ። ቀልዱ የለመነውን ጸደይ ግን ሕጉ አልዘጋውም። እሱ ዛሬም ለባለ ግቢው ይሉኝታ የተተወ ነው።

እኔም ዛሬ ባለ ግቢ ነኝ፤ መሐረብ የምታህል ሣር አለችኝ። ባለፈው ጸደይ ጎረቤቴ የተረፈውን ማዳበሪያ በከረጢት ይዞልኝ መጣ። አልፈልግም አልኩት፤ ለምን ሲለኝ ስለ ሸርጣኑ ነገርኩት።

«ሸርጣን ትወዳለህ ማለት ነው?»

«ቀምሼው አላውቅም።»

ግራ ገብቶት ከረጢቱን ተሸክሞ ተመለሰ። ያቺ ካርቶን እስካሁን አለች። የጀበናው ማቶት የጠፋ ጊዜ ባለቤቴ እሷን ከሥሩ አድርጋ ነበር፤ «አድኑ» የሚለው ጠቁሮ «ብሉት» ብቻ ቀርቷል።