ቅርንጫፍ ያለው መስተጋብራዊ አኒሜሽን እንደ ተማሪዎች ፕሮጀክት፦ ለበቆጂና ለአካባቢው ተማሪዎች፣ መምህራንና ወላጆች የቀረበ መረጃ

ቅርንጫፍ ያለው መስተጋብራዊ አኒሜሽን ማለት ታሪኩ በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ቆሞ ተመልካቹን የሚጠይቅበት፣ ተመልካቹም ከቀረቡለት አማራጮች አንዱን በመምረጥ የቀጣዩን ትዕይንት አቅጣጫ የሚወስንበት ተንቀሳቃሽ የሥዕል ሥራ ነው። ይህ ጽሑፍ በኦሮሚያ ክልል፣ በአርሲ ዞን፣ በሊሙና ቢልቢሎ ወረዳ በበቆጂ ከተማና በአካባቢው የሚገኙ ተማሪዎች በኮምፒውተር ትምህርት፣ በሚኒ ሚዲያ ወይም በሥነ ጥበብ ክበብ አማካይነት እንዲህ ያለ ሥራ ለመሥራት ሲነሡ ሊያውቁት የሚገባውን ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። በሌላ ሥፍራ የሚገኙ ተገልጋዮችም ምሳሌውን ከአካባቢያቸው ሁኔታ ጋር አገናዝበው ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ታሪኩ ከየት ይነሣ

በቆጂ ከአሰላ በስተደቡብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ገብስና ስንዴ የሚመረትባት ደጋ ናት። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ1996 በአትላንታ የማራቶን አሸናፊ የሆነችው ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚህችው ከተማና ከዙሪያዋ የወጡ ናቸው። ከእነዚህ አትሌቶች አብዛኞቹን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ በከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ስለዚህ የበቆጂ ተማሪዎች አኒሜሽን እንዲሠሩ ሲጠየቁ ብዕራቸው ወደ ሩጫ ቢያዘነብል የሚያስገርም አይሆንም።

ሆኖም የታወቀ አሸናፊ ታሪክ ለዚህ ዓይነት ሥራ አይመችም። መጨረሻው አስቀድሞ የታወቀ ነውና ተመልካቹ የሚመርጠው ነገር አይኖርም። ምርጫ የሚገኘው ከሜዳሊያው ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ውጤቱን ማንም በማያውቅበት ጊዜ ላይ ነው። ስለ ጥሩነሽ ዲባባ በሰፊው የተዘገበውን ማስታወስ ይጠቅማል፤ ወደ አዲስ አበባ የመጣችው ትምህርቷን ለመቀጠል ሲሆን፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ ጊዜ በማለፉ ወደ ማረሚያ ቤቶች የአትሌቲክስ ክለብ ገባች። ያለፈ የምዝገባ ቀን በማንም ዓይን ትልቅ መታጠፊያ መስሎ አይታይም፤ የሕይወት መንገድ ግን በእርሱ ላይ ተከፈለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የጄሪ ሮትዌል ዘጋቢ ፊልም «የሯጮች ከተማ»ም ሁለት የበቆጂ ታዳጊዎች ከቤታቸው ርቀው ወደ አትሌቲክስ ክለቦች ሲሄዱ የገጠማቸውን ይከተላል እንጂ የኦሊምፒክ ድልን አይተርክም።

በዚህ መሠረት ለናሙና የሚከተለው ታሪክ ቀርቧል። ባለታሪኳ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን ክልላዊ ፈተናዋ ተቃርቧል። የመጀመሪያው ምርጫ ንጋት ላይ፣ ጉም ገና ሳይገለጥ ይቀርባል፦ ወደ ልምምድ ትውጣ ወይስ ትምህርቷን ታጥና? ሁለተኛው ቅልጥሟን ባመማት ጊዜ ነው፦ ለአሠልጣኟ ትንገር ወይስ ከቡድኑ እንዳትቀር ሕመሟን ትደብቅ? ሦስተኛው ከሌላ ከተማ የመጣ ክለብ ሊወስዳት ሲጠይቅ ይመጣል፦ አሁኑኑ ትሂድ ወይስ ፈተናውን ወስዳ ትከተል?

በናሙናው ውስጥ «ትክክለኛ» የሚባል መንገድ የለም። ብዙ የተማሪ ሥራዎች የሚበላሹት በዚህ ቦታ ነው፤ አንደኛው አማራጭ ወደ ሽልማት፣ ሌላው ወደ ውርደት የሚያመራ ከሆነ ተመልካቹ መምህሩ የሚፈልገውን መልስ ይገምታል እንጂ ከልቡ አይመርጥም። ሕመሟን የደበቀችው ልጅ ያን ሳምንት ውድድሩን ልታሸንፍ ትችላለች፤ ዋጋውን የምትከፍለው ክለብ ከገባች በኋላ ነው። ያጠናችውም ልጅ ከቡድኑ የቀረችበትን ቀን ትቆጭ ይሆናል። እያንዳንዱ ምርጫ አንድ ነገር የሚያስገኝና አንድ ነገር የሚያሳጣ መሆን ይኖርበታል።

የቅርንጫፍ ስሌት

ሥዕል ከመሣሉ በፊት የታሪኩ ካርታ በትልቅ ወረቀት ላይ መሠራት አለበት። ምክንያቱ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው። በእያንዳንዱ ምርጫ ሁለት አማራጭ ቢኖርና ቅርንጫፎቹ ፈጽሞ ባይገናኙ፣ አምስት ምርጫዎች ያሉት ታሪክ 63 ትዕይንቶችን ይጠይቃል (1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እና 32 ሲደመሩ)። እያንዳንዱ ትዕይንት 10 ሰከንድ ቢሆን ጠቅላላው 630 ሰከንድ ነው፤ በሰከንድ 12 ሥዕል ቢታሰብ 7,560 ሥዕሎች ይሆናሉ። አንድ ተመልካች ግን በአንድ ጊዜ የሚያየው ስድስት ትዕይንት ብቻ፣ ማለትም አንድ ደቂቃ ነው። የክበቡ ልፋት አብዛኛው ሳይታይ ይቀራል።

መፍትሔው ቅርንጫፎቹ ተለያይተው እንደገና እንዲገናኙ ማድረግ ነው። ከእያንዳንዱ ምርጫ በኋላ ሁለት የተለያዩ ትዕይንቶች ይቀርባሉ፤ ሁለቱም ወደ አንድ የጋራ ትዕይንት ይመለሳሉ፤ መለያየቱ የሚጸናው በመጨረሻው ምርጫ ላይ ብቻ ይሆናል። በዚህ አሠራር አምስት ምርጫና አራት መደምደሚያ ያለው ታሪክ በ17 ትዕይንቶች ያልቃል፤ ተመልካቹም ከእነዚህ አሥሩን ያያል። ከላይ የቀረበው ባለ ሦስት ምርጫ ናሙና 11 ትዕይንት ብቻ ይበቃዋል፤ ለአንድ ወሰነ ትምህርት የሚመከረውም ይኸው መጠን ነው።

ዘዴው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በሞንትሪያል የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ የቼኮዝሎቫኪያው ራዱዝ ቺንቼራና ባልደረቦቹ «ኪኖአውቶማት» የተባለውን ፊልም አቅርበው ነበር። ፊልሙ በየመሐሉ እየቆመ ተመልካቾች አረንጓዴ ወይም ቀይ ቁልፍ ተጭነው ድምፅ ይሰጡ ነበር። ማንኛውም ምርጫ ቢመረጥ ሁለቱ መንገዶች ከሚቀጥለው ጥያቄ በፊት ይገናኙ ስለነበር ሁለት የፊልም ማሳያ መሣሪያዎች በቂ ነበሩ።

ነገር ግን ሁሉም መንገድ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ የሚመለስ ከሆነ ተመልካቹ መታለሉን ይረዳል። ይህ እንዳይሆን ፕሮግራሙ የተመረጠውን ማስታወስ አለበት። ለናሙናው «ጥናት» እና «ጉዳት» የሚባሉ ሁለት መዝገቦች ይበቃሉ፤ በኮምፒውተር ትምህርት ተለዋዋጭ የሚባሉት ናቸው። ንጋት ላይ ያጠናች እንደሆነ «ጥናት» 1 ይሆናል፤ ሕመሟን ከደበቀች «ጉዳት» 1 ይሆናል። በመጨረሻው ምርጫ ወደ ክለቡ ብትሄድ ፕሮግራሙ «ጉዳት»ን አይቶ፣ ብትቀር ደግሞ «ጥናት»ን አይቶ ከአራቱ መደምደሚያዎች አንዱን ያቀርባል። የንጋቱ ምርጫ የተረሳ ሲመስል በመጨረሻ ተመልሶ ይመጣል።

መሣሪያዎች

ለጀማሪዎች የሚመከረው ስክራች የተባለው ፕሮግራም ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተፈጠረና እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን፣ በነጻ የሚገኝና የአማርኛ የቋንቋ ምርጫ ያለው ነው። ኢንተርኔት በማይገኝበት የኮምፒውተር ክፍል ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ቅጂ አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ዲስክ ወደ ሌሎች ኮምፒውተሮች ማዛወር ይቻላል።

በስክራች ውስጥ እያንዳንዱ ትዕይንት የራሱ የጀርባ ሥዕል ይኖረዋል። አማራጮቹ እንደ ቁልፍ የሚሠሩ ሥዕሎች ሲሆኑ፣ ሲጫኑ የሚቀጥለውን ትዕይንት ስም የያዘ መልእክት ለሁሉም ገጸ ባሕርያት ያሰራጫሉ፤ መልእክቱን የሰማ ሁሉ ይታያል ወይም ይሰወራል። ለመልእክቶች «መልእክት1»፣ «መልእክት2» የሚል ስም መስጠት በሦስተኛው ሳምንት ማንም የማይፈታው ውጥንቅጥ ይፈጥራል። «ንጋት_ልምምድ»፣ «ሕመም_ደበቀች» የመሰለ ስም ይሰጥ።

የኮምፒውተሮቹ ዕድሜ ስክራችን የማይፈቅድ ከሆነ ፓወርፖይንት ሊያገለግል ይችላል። እያንዳንዱ ስላይድ ትዕይንት ይሆናል፤ በላዩ ያሉት ቁልፎችም ከተገቢው ስላይድ ጋር በሊንክ ይያያዛሉ። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፦ የስላይዱ አቀራረብ በኪዮስክ እንዲታይ ካልተደረገ ተመልካቹ ከቁልፉ ውጭ ባዶ ቦታ ሲጫን ወደ ተከታዩ ስላይድ ይዘላል፤ ቅርንጫፉም ይፈርሳል። ፓወርፖይንት ምርጫዎችን ስለማያስታውስ ታሪኩ ከሁለት ምርጫ ባይበልጥ ይመረጣል።

ሥዕሉን በተመለከተ 12 ሥዕል በሰከንድ መሣል ለተማሪዎች ከባድ ነው። ባለታሪኳን ራስ፣ ክንድና እግር ለየብቻ በካርቶን ቆርጦ፣ በነጭ ወረቀት ላይ በስልክ ፎቶ አንስቶ፣ በኮምፒውተር ማንቀሳቀስ ብዙ ጊዜ ይቆጥባል። የሩጫ እርምጃ በስድስት ወይም በስምንት ሥዕል ተሠርቶ እየተደጋገመ ሊታይ ይችላል፤ አንዴ ከተሠራ በሁሉም ቅርንጫፎች ያገለግላል። የጀርባ ሥዕሎቹ ከአካባቢው ቢሆኑ ይመረጣል፦ የባሕር ዛፉ ጥግ፣ የገብስ ማሳው፣ የጋሪ ፈረሶች የሚቆሙበት መንገድ፣ የካካ ተራራ። ከውጭ የተወሰዱ የተዘጋጁ ሥዕሎች በቆጂን አያስመስሉም።

ቋንቋና ድምፅ

የአካባቢው ተማሪዎች በአፋን ኦሮሞ የሚማሩ፣ በከተማው አማርኛም የሚነገር በመሆኑ በሁለቱም ቋንቋ የሚቀርብ ሥራ ብዙ ተመልካች ያገኛል። ለዚህ ሁለት አኒሜሽን መሥራት አያስፈልግም። በሥዕሎቹ ላይ ጽሑፍ ካልተጻፈና ንግግሩ ሁሉ በድምፅ ከቀረበ፣ የቋንቋ ምርጫ የሥራው የመጀመሪያ ቅርንጫፍ ሆኖ ሊገባ ይችላል፤ ሥዕሉ አንድ ሆኖ የሚለወጠው የድምፁ ፋይል ብቻ ነው። ማንበብ የማይችሉ ወላጆችም እኩል ይከታተላሉ። ቁልፎቹ ላይም ከቃል ይልቅ የመሮጫ ጫማና ደብተር ቢሣል ይበቃል።

ድምፅ ለመቅዳት ዘመናዊ ስልክና ጸጥ ያለ ክፍል በቂ ነው። ዝናብ በቆርቆሮ ጣራ ላይ በሚወርድበት ጊዜ መቅዳት ግን ልፋትን ማባከን ነው።

ሙከራ

ባለ ሦስት ምርጫ ታሪክ ስምንት መንገዶች አሉት። ስምንቱም በሠንጠረዥ ተጽፈው በሥራው ባልተሳተፈ ተማሪ አንድ በአንድ መሞከር አለባቸው፤ የሠሩት ልጆች ሁልጊዜ የሚወዱትን መንገድ ብቻ ይከተላሉና።

በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙ ሦስት ችግሮች አሉ። ከቀደመው ትዕይንት ያልተሰወረ ገጸ ባሕሪ በአዲሱ ላይ ቆሞ ይቀራል። ያልቆመ ድምፅ ከአዲሱ ንግግር ጋር ይደራረባል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ትዕይንት ሲጀምር ቀድሞ የነበረውን ድምፅ የሚያስቆም ትእዛዝ ይግባ። ለማስተዋል የሚከብደው ሦስተኛው ነው፦ «ጥናት» እና «ጉዳት» በጅምሩ ወደ ዜሮ ካልተመለሱ ሁለተኛው ተመልካች የመጀመሪያውን ተመልካች ምርጫ ይወርሳል። ልጅቷ ሕመሟን ተናግራ እያለ ተጎድታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ስሕተቱም የታሪኩ ክፍል መስሎ ያልፋል።

መብራት ሊቋረጥ ስለሚችል ሥራው በየዕለቱ በሁለት ፍላሽ ዲስኮች፣ ቀንና ተራ ቁጥር እየተሰጠው ይቀመጥ። በወላጆች ቀን ሲቀርብ አንድ ተማሪ ማውሱን ይዞ ታዳሚው በእጅ ብልጫ ቢወስን፣ አባቶችና እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ሲከራከሩ መስማት ይቻላል።

መብትና ፈቃድ

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ወጥ የሆነ ሥራ ከተፈጠረና በቋሚ ነገር ላይ ከተቀረጸበት ጊዜ ጀምሮ ያለ ምንም ሥርዓተ ምዝገባ ጥበቃ ያገኛል። በቡድን የተሠራ አኒሜሽን የቡድኑ አባላት የጋራ ሥራ በመሆኑ የሁሉም ስም በመጨረሻው ገጽ ላይ ይጻፍ፤ ማን ምን እንደሠራም በጽሑፍ ይያዝ። ይኸው ሕግ የሌሎችንም ሥራ ይጠብቃል። የታወቀ ዘፈን፣ የፊልም ቁራጭ ወይም የጋዜጣ ፎቶግራፍ ከባለመብቱ ፈቃድ ውጭ ማስገባት ተገቢ አይደለም፤ ክበቡ በራሱ ከበሮና ድምፅ የቀዳው ሙዚቃ ይመረጣል።

ድምፃቸው ወይም ፎቶግራፋቸው የሚገባ ተማሪዎች ለአካለ መጠን ያልደረሱ በመሆናቸው፣ ሥራው ከትምህርት ቤቱ ውጭ ከመሠራጨቱ በፊት የወላጅ ወይም የአሳዳጊ የጽሑፍ ስምምነት ይወሰድ፤ የግል መረጃ ጥበቃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሆኑም ይታወቅ። ሥራቸውን ለማስረጃ ለማስመዝገብ የሚፈልጉ ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማመልከት ይችላሉ። የኮምፒውተር ክፍሉን ከመደበኛው የትምህርት ሰዓት ውጭ ለመጠቀም ጥያቄው በክበቡ ተጠሪ መምህር በኩል ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ይቀርባል።