በዝቅተኛ ነጥብ የሚገባበት በር

በማትሪክና በመቁረጫ ነጥብ ዓለም ላደገ አንባቢ፣ የታላቅ ዩኒቨርሲቲ በር የሚከፈተው በቁጥር ነው፤ ከመቁረጫው በላይ ያለው ይገባል፣ በታች ያለው ይቀራል። የአሜሪካ ዝነኛ ዩኒቨርሲቲዎች ታሪክ ግን እንዲህ አይደለም። በሃርቫርድና በመሰሎቹ ዘንድ ደካማ ውጤት ይዞ መግባት ያልተቻለበት ዘመን አላገኘሁም። ሲለዋወጥ የኖረው ይህ ዕድል የሚሰጠው ሰው ማንነት ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ መግቢያው ፈተና ነበር፤ በአንዳንዱ ትምህርት የወደቀውን ግን ጉድለቱን ቆይቶ እንዲያሟላ በቅድመ ሁኔታ ይቀበሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ሃርቫርድ ከገቡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መስፈርቱን በሙሉ ያላሟሉ ነበሩ። ያ ቸርነት በዋናነት የደረሰው ክፍያውን ለሚችሉ ለባለጸጋ ልጆች ነው። ፈተናውን በብቃት የሚያልፉ የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ሲበዙ፣ የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ሎወል በ1922 ቁጥራቸውን በ15 በመቶ ለመገደብ ሐሳብ አቀረበ። መምህራኑ ግልጽ ኮታውን አልተቀበሉም፤ ከ1926 ወዲህ ግን የአመልካቹ «ጠባይ» ከፍ ያለ ክብደት ተሰጠው፣ ፎቶግራፍም ይጠየቅ ጀመር፣ የአይሁዳውያኑም ድርሻ ቀነሰ። ከነጥብ ባሻገር ሰውን ማየት የሚለው መልካም ሐሳብ እዚያ ሥራ ላይ የዋለው ለማግለል መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ይኸው ሐሳብ በቅንነት የተፈተነው በጦርነት ምክንያት ነው። ሰኔ 1944 የወጣው ሕግ፣ ጂ.አይ. ቢል የሚባለው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሚመለሱ ወታደሮች የትምህርት ክፍያና የኑሮ ድጎማ ሰጠ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1942፣ ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርሱ ለዘመቱት ጂ.ኢ.ዲ. የተባለው ፈተና ተዘጋጅቶ ስለነበር፣ ብዙ ኮሌጆች በአሮጌው የትምህርት ማስረጃ ፋንታ ይህን ተቀበሉ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሃቺንስ ኮሌጆች የሥራ አጥ መጠለያ ይሆናሉ ብሎ አስጠነቀቀ፤ የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ኮናንትም ብቃት የሌላቸው እንዳይጎርፉ ሰጋ። 2.2 ሚሊዮን ያህል የቀድሞ ወታደሮች ኮሌጅ ገቡ፤ በ1947 ከኮሌጅ ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ እነሱ ነበሩ። ኮናንት ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ለውጦ፣ ሃርቫርድ ካየቻቸው ተማሪዎች ሁሉ በሳሎቹና ተስፋ የሚጣልባቸው እነሱ ናቸው አለ። በ1951 የታተመው የፍሬደሪክሰንና የሽሬደር ጥናትም እኩል ችሎታ ካላቸው ሌሎች ተማሪዎች ይልቅ ወታደሮቹ በመጠኑ የተሻለ ውጤት ማምጣታቸውን አሳየ።

ወታደሮቹ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ወጪያቸውም በመንግሥት የተሸፈነ ስለነበር ከዛሬው አመልካች ጋር አይነጻጸሩም የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን መብሰልንና የገንዘብ ጭንቀት መወገዱን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የትምህርት ማስረጃ አይመዘግብም፤ ከነጥብ ባሻገር ሰውን ማየት ያስፈልጋል የምለውም ለዚሁ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ውጤት የወደፊቱን ይጠቁማል የሚለውን ክርክርም አልክድም፤ በብዙ ተማሪዎች አማካይ ሲታይ ይጠቁማል። ስለ አንዱ ልጅ ግን የሚናገረው ጥቂት ነው፤ በተለይ ውጤቱ ዝቅ ያለው በድህነት ወይም በሕመም ሲሆን። ይበልጥ የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፤ ጂ.አይ. ቢል ራሱ ለሁሉም እኩል አልነበረም። በደቡቡ ክፍል ጥቁር ወታደሮች በዘር በተለዩ፣ ቦታ ባጠራቸው ኮሌጆች ተወስነው ብዙዎቹ ሳይገቡ ተመልሰዋል።

በዝቅተኛ ነጥብ የሚያስገባው ሰፊ በር ዛሬም ባለበት አለ። ሃርቫርድ በተማሪ አቀባበሉ በተከሰሰበት የፍርድ ቤት ክርክር የወጡ መረጃዎችን የመረመሩ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች፣ ተቀባይነት ካገኙት ነጭ አመልካቾች ከ43 በመቶ በላይ የሚሆኑት የተመለመሉ ስፖርተኞች፣ የተመራቂዎች ወይም የሠራተኞች ልጆች፣ አለዚያም በዲኑ ልዩ ዝርዝር የሰፈሩ (ብዙ ጊዜ የለጋሾች ዘመዶች) እንደነበሩ አገኙ። በስሌታቸው መሠረት ያ ቅድሚያ ባይኖር ከእነዚህ ሦስት አራተኛ ያህሉ ባልገቡ ነበር። ይህ ቅድሚያ ከቀረ ለጋሾች ይርቃሉ የሚል ስጋት ይነሳል። ጆንስ ሆፕኪንስ ግን ለተመራቂዎች ልጆች ይሰጥ የነበረውን ቅድሚያ በ2014 አስቀረ። በ2009 ከአዲስ ገቢዎች 12.5 በመቶ የነበሩት የተመራቂ ልጆች በ2019 ወደ 3.5 በመቶ ወረዱ፤ በፌዴራል መንግሥት የድጎማ መስፈርት ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡት ደግሞ በዚሁ ጊዜ ከ9 በመቶ ወደ 19.1 በመቶ ከፍ አሉ።