እምቢተኛው ወርቅ

በናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሠፈር ለወገኖቻችን ልጆች ታሪክ ሳስጠና አንዲት ተማሪ፣ «ጋሼ፣ ወርቅ ሁሉ እንደ አዶላው ከአሸዋ ታጥቦ ይወጣል ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። መልሱ የአፍሪካን ታሪክ ይነካል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የወንዝ ወርቅ ከአሸዋ ስለሚከብድ በገበቴ ታጥቦ ይለያል። በዓለት ውስጥ ያለው ግን ዓለቱ ተፈጭቶ በባዜቃ ይያዝ ነበር። በደቡብ አፍሪካ፣ በዊትዋተርስራንድ፣ ወርቅ በ1886 ተገኘ። ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ ቁፋሮው ሲጠልቅ ብረትና ድኝ የተዋሐዱበት ፓይራይት የተባለ ማዕድን ገጠመ። ባዜቃው ወርቁን አልይዝ አለ፤ የኩባንያዎቹም አክሲዮን ዋጋ ወደቀ። ያዳናቸው በግላስጎው ጆን ስቱዋርት ማክአርተርና ሁለቱ ወንድማማቾች ፎረስቶች በ1887 ያስመዘገቡት፣ ወርቅን በሲያናይድ የማሟሟት ዘዴ ነው። ዘዴው በ1890 ጆሐንስበርግ ገባ።

ይሁን እንጂ ሲያናይድም የማይደርስበት ወርቅ አለ። ይህም ድኝና አርሴኒክ ባለበት ማዕድን ውስጥ እጅግ ደቅቆ የተቀበረው ነው። «ወርቅ በእሳት ይፈተናል» እንደሚባለው፣ የቀድሞው መላ ማዕድኑን አስቀድሞ በእሳት መቁላት ነበር። ነገር ግን ጢሱ መርዝ ነው። በ1986 በባርበርተን አጠገብ፣ በፌርቪው ማዕድን፣ ይህንኑ ሥራ ባክቴሪያዎች ይሠሩት ጀመር። ባክቴሪያዎቹ ድኝ ያለበትን ማዕድን ሲያፈርሱት ወርቁ ለሲያናይድ ይጋለጣል።

የዕውቀቱ ዕድገት ግን ለሁሉም እኩል በረከት አላመጣም። በኬንያ የ1930 ሕግ የአፍሪካውያንን መሬት ለዘለዓለም እንዲጠበቅ ደንግጎ ነበር። በ1931 በካካሜጋ ወርቅ ሲገኝ፣ ሕጉ በ1932 ተሻሻለ፤ ለማዕድን የሚወሰድ መሬት በሌላ መሬት መተካቱ ቀረ። በአገራችንም በሻኪሶ አጠገብ ያለው የለገደምቢ ማዕድን ፈቃድ በ2018 የታገደው፣ ነዋሪዎች ጤናችን ተጎዳ ብለው ከተቃወሙ በኋላ ነው። ሥራው ኋላ ተመልሶ ተጀምሯል።

እንግዲህ ይህን ትምህርት ስናስተምር የኬሚስትሪውን ቀመር ብቻ አስጽፈን አንለፍ። ተማሪዎች ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ወርቁን በጉልበቱ ያወጣው ማን ነው? የወሰደውስ? ዝቃጩስ የቀረው በማን ደጅ ነው?