የሐኪም ትምህርትና የአስም ነገር፤ ከጎንደር እስከ ደባርቅ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በታኅሣሥ ወር፣ የደባርቅ ውርጭ አጥንት በሚሰብርበት ሰሞን፣ አክስቴን በእኩለ ሌሊት ተሸክመን በዚያው አካባቢ ወዳለ አንድ ሆስፒታል አደረስናት፡፡ ደረቷ ያፏጫል፤ አንድ ቃል ተናግራ ሁለተኛውን ለመጨመር ትንፋሽ ያጥራታል፡፡ የተቀበለን ሐኪም ከተመረቀ ዓመት ያልሞላው ወጣት ነበር፡፡ እውነቱን ለመናገር እጁ አልተንቀጠቀጠም፡፡ ኦክስጅን አደረገላት፣ መርፌ ወጋት፣ እስኪነጋ ድረስ ከአጠገቧ አልራቀም፡፡ ጧት ላይ አክስቴ ቁጭ ብላ ሻይ ጠጣች፡፡ ስንወጣ የ«ፓፍ» ማዘዣ ጽፎ ሰጠንና «ሲያፍንዎት ይጠቀሙበት፣ እማማ» ብሎ በትሕትና ሸኘን፡፡

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ሌሊት ተደገመ፡፡ ፓፉን እንዴት እንደምትወስደው ስጠይቃት፣ ሽቶ እንደሚረጭ ሰው ወደ አፏ ረጭታ ወዲያው እፍ ብላ ስታስወጣው አየሁ፡፡ መድኃኒቱ ምላሷ ላይ ቀርቷል፤ ወደ ሳንባዋ የወረደው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፡፡ ወጣቱን ሐኪም ሳገኘው ነገሩን አነሳሁበት፡፡ ጥቂት አቀርቅሮ ቆየና «በትምህርት ዘመኔ ሁሉ ፓፍ ይዤ ለታማሚ አሳይቼ አላውቅም፤ የሚያሳይ ሌላ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር» አለኝ፡፡

ውድ አንባቢያን፣ ይህን የማነሳው ልጁን ለመክሰስ አይደለም፤ አክስቴን ሁለት ጊዜ ከሞት አፍ አውጥቷታል፡፡ ጥያቄዬ ሌላ ነው፡፡ በሽታው ሲነሳ የማይደናገጥ፣ በሽታው ሲያንቀላፋ ግን የሚያደርገውን የማያውቅ ሐኪም እንዴት አፈራን? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል፡፡

እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ሜዳ ላይ የወረደው የወባ ወረርሽኝ አገር ጨረሰ፡፡ በማግሥቱ፣ በ1954፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም የጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ሆኖ የጎንደርን የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከፈተ፡፡ ኮሌጁ ያሠለጠነው ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነበር፡፡ ሦስቱ በአንድ ቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይወርዳሉ፤ ውኃ ምንጩን ያያሉ፣ የሰው ቤት ይገባሉ፣ ያስተምራሉ፡፡ ቆላድባና ዳባት የዚህ ትምህርት መለማመጃዎች ሆኑ፡፡ ይህ ሐሳብ በዘመኑ ለአፍሪካ ምሳሌ የሚሆን ነበር፡፡ ዓይኑ ግን በወረርሽኝ ላይ ነበር፤ በወባ፣ በተስቦ፣ በፈንጣጣ፣ በሳንባ ነቀርሳ፡፡ መጥቶ የሚገድል ወይም ድኖ የሚሄድ በሽታ እንጂ ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር በሽታ በዕቅዱ ውስጥ ብዙ ቦታ አልነበረውም፡፡

በዚያው ዘመን የአስም ሕክምና በሌላው ዓለም መልኩን ይለውጥ ነበር፡፡ ሳልቡታሞል እ.ኤ.አ. በ1969፣ የሚሳበው ቤክሎሜታዞን ደግሞ በ1972 ለገበያ ቀረቡ፡፡ ፊተኛው የተጨበጠውን የአየር ቧንቧ ይፈታል፤ ኋለኛው ጥቃቱን የሚወልደውን የቧንቧ ብግነት ያበርዳል፡፡ በሌላ አነጋገር አንዱ እሳት ማጥፊያ ነው፤ ሌላው እሳቱ እንዳይነሳ መከላከያ፡፡ ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1978 ከምሥራቅ ጀርመኑ ከላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሐኪም ማሠልጠን ስትጀምር ሁለቱም መድኃኒቶች ነበሩ፡፡ በእኛ ገጠር ግን የአስም በሽተኛ ለረዥም ዘመን የሚያውቀው ኪኒንና መርፌን ነው፡፡ መከላከያውን ታማሚ እጅ ላይ ሳያይ ያደገ ተማሪ፣ ሐኪም ሲሆን ከየት አምጥቶ ያዘዋል?

አስም የከተማ ሰው በሽታ ነው የሚል አስተሳሰብም ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት መጽሔት የወጣው የጅማ ጥናት በሽታው በከተማው ከገጠሩ በዝቶ እንደተገኘ ማሳየቱ እርግጥ ነው፡፡ ነገር ግን «በገጠር ያንሳል» ማለት «በገጠር የለም» ማለት አይደለም፡፡ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው ደባርቅና በዙሪያዋ ብርዱ ሰውን ከነከብቱ ቤት ይዘጋበታል፡፡ የሚነደው ኩበትና እርጥብ እንጨት ነው፡፡ መስኮት በሌለው ጎጆ እንጀራ የምትጋግር ሴት፣ በአውድማ ላይ የገብስ እብቅ የሚውጥ ገበሬ፣ የአየር ቧንቧቸው በብግነት ከተያዘ ዕረፍት የላቸውም፡፡ ይህን የሚያውቀው ቤታቸው የገባ ብቻ ነው፡፡ አልጋ ክፍል ውስጥ ብቻ የተማረ ሐኪም አስምን የሚያውቀው በጥቃቱ ሰዓት ነው፤ ምድጃውን አያየውም፡፡

ከዚያ የቁጥር ዘመን መጣ፡፡ ለረዥም ጊዜ ዋነኞቹ የሐኪም ትምህርት ቤቶቻችን አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማ ነበሩ፡፡ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ መንግሥት ቅበላውን ከመቶዎች ወደ ሺዎች አሳደገው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ብቻ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ፡፡ ይህን በጅምላ የሚያወግዙ ወገኖች አሉ፤ እኔ አልስማማም፡፡ ያ ወጣት በዚያ ሌሊት ባይኖር ኖሮ አክስቴ ዛሬ የለችም፡፡ ይሁንና ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አበው፡፡ አንድን አልጋ ሃያ ተማሪ ሲከበው፣ ታማሚን አስቀምጦ ትንፋሽ አሳሳብ ለማስተማር ትዕግሥቱም ቦታውም አይገኝም፡፡ አስተማሪውም ቢሆን ከየት ይመጣል? በጥቁር አንበሳ የሳንባ ሕክምና ንዑስ ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፡፡

መመሪያ የለም ማለት ግን አይቻልም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ክሊኒካዊ መመሪያ አስምን ይዟል፡፡ በ2019 ደግሞ ጂና በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም አካል፣ ሳልቡታሞልን ብቻውን መስጠት ይቅር ብሎ ለታማሚው የሚሳብ ስቴሮይድ እንዲጨመር መክሯል፡፡ ለአክስቴ የታዘዘው እንግዲህ ያው ብቻውን የቀረው ነው፡፡ መመሪያ በመደርደሪያ ላይ፣ መከላከያው መድኃኒት በፋርማሲው ከሌለ፣ ወጣቱ ሐኪም የተማረውንም ይረሳል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነቱ የዳባትንና የደባርቅን ደጃፍ ሲያንኳኳ፣ በ2023 የተቀሰቀሰው ግጭትም መንገድ ሲዘጋ፣ በየወሩ መድኃኒት የሚቀበል በሽተኛ ምን እንደሚደርስበት መገመት አያዳግትም፡፡

የሚገርመው መፍትሔው ከሩቅ የሚመጣ አለመሆኑ ነው፡፡ ጎንደር ተማሪዎቿን በቡድን ገጠር ማውረድን ከሰባ ዓመት በፊት ጀምራዋለች፡፡ ዳባት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ልደትና ሞት በየቤቱ የሚመዘገብባት የምርምር ጣቢያ ናት፡፡ እነ ዶክተር ሽታዬ ዓለሙ የሚጥል በሽታንና ስኳርን የመሳሰሉ ሥር የሰደዱ ሕመሞች ከትልቁ ሆስፒታል ወርደው በገጠር ጤና ጣቢያ በነርሶች እጅ ክትትል ሊያገኙ እንደሚችሉ በተግባር አሳይተዋል፡፡ ለሕፃናት ፓፍ ማጋዣ የሚሆነውንም ዕቃ በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ከግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ሠርቶ ጥቅሙን አረጋግጧል፡፡ የእኛው የ«ሃይላንድ» ባዶ ጠርሙስ ማለት ነው፡፡

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም፡፡ ማንኛውም የሕክምና ተማሪ ከመመረቁ በፊት በፈታኝ ፊት ፓፍ ይያዝ፤ አንዲት የገጠር እናት በትክክል እስክትስበው ድረስ ያስተምር፤ ከዚያም ቤቷ ሄዶ ምድጃዋን ይይ፡፡ ይህን ያላለፈ አይመረቅ፡፡ ጤና ሚኒስቴርም መከላከያው መድኃኒት ከማስታገሻው እኩል በየጤና ጣቢያው መገኘቱን ይጠየቅበት፡፡

ያ ወጣት ሐኪም በሁለተኛው ሌሊት ማግሥት ወንበር ስቦ ከአክስቴ ፊት ተቀመጠ፡፡ ከነርሷ ጋር እየተመካከረ አሳያት፤ እሷም አምስት ጊዜ ሞክራ በስድስተኛው ተሳካላት፡፡ የፈጀው ሩብ ሰዓት ነው፡፡ ያቺ ሩብ ሰዓት በትምህርት ዘመኑ ውስጥ ቦታ አጥታ መቆየቷ ነው የሚያስቆጨኝ፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡