ማሪ ኮንዶ፣ ኮንዶሚኒየምና ቆራሌው

ቤትን ከዕቃ ማቅለል ያለ ጃፓናዊቷ ማሪ ኮንዶ የሚያውቀው ያለ አይመስልም። ሴትዮዋ በ2011 ዓ.ም. በኔትፍሊክስ ብቅ ብላ ደስ የማያሰኛችሁን ዕቃ አመስግናችሁ አሰናብቱት ካለች ወዲህ የሰው ሁሉ ቁም ሳጥን ተፈተሸ። እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ግን ኮንዶ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን ዕጣው ነው። እሱም ቢሆን ለደረሰው ሰው ዕቃ ያስቀንሳል።

እስቲ የእናቶቻችንን ቤት አስቡት። ብፌው ውስጥ ለእንግዳ የተቀመጠ ሲኒ አለ (እንግዳው ቢመጣም አይወጣም)። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሻንጣ፣ ሻንጣው ውስጥ ሌላ ሻንጣ። አልጋ ሥር ባዶ የወተት ጣሳ፣ ክዳኑ የጠፋ ድስት፣ የታላቅ ወንድማችን የስምንተኛ ክፍል ደብተር። ‹‹እማዬ፣ ይሄ ምን ይሠራል?›› ስንላት መልሷ ያው ነው፤ ‹‹ተወው፣ አንድ ቀን ይፈለጋል።›› ስንስቅባት ኖረናል። ነገሩን በታሪክ በኩል ስናየው ግን ሳቁ ይቀንሳል።

በዚህች ከተማ ትርፍ ዕቃ ከቤት የሚወጣበት የታወቀ በር ነበረ፤ ቆራሌው። ስሙ ‹‹ቆርቆሮ ያለው!›› ከሚለው ጥሪ አጥሮ የመጣ ነው ይባላል። ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል፤ ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ፣ የተቀደደ ጫማ፣ የቆመ ሬዲዮ ይገዛል። ከኋላው ደግሞ ባለ ልዋጩ ይመጣል፤ አሮጌ ልብስ ወስዶ ሳፋ ወይም ብርጭቆ ይሰጣል። የተሰበሰበው ቆርቆሮ ጉዞው ወደ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራ ነው። (መርካቶ ራሷም ከቤቷ የተነሳች ናት፤ ጣልያን በወረራው ዘመን ነው ገበያውን ከአራዳ አንስቶ እዚያ የወሰደው።) እዚያ ጣሳው ተቀጥቅጦ ኩራዝ ይሆናል፣ በርሜሉ ተቆርጦ የከሰል ምድጃ ይሆናል፣ ያረጀ ጎማ በረባሶ ሆኖ ይወጣል። እናታችን የሸጠችው ጣሳ ኩራዝ ሆኖ ተመልሶ ቢሸጥላት አይገርምም።

ዋናው ነገር ክርክሩ ነው። ‹‹እማማ፣ አምስት ብር።›› ‹‹አንተ ልጅ፣ ይሄን የመሰለ ድስት? ተወው፣ አልሸጥም!›› በር ይዘጋል፣ ይከፈታል። የሚሄደውንም የሚቀረውንም የምትወስነው እሷ ናት።

ይሄ ቀላል መብት አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጀ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፤ ሌላው ትርፍ ነው፣ ይወረሳል። ኪራዩ በወር እስከ 100 ብር የነበረው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ሄደ። ተከራዩ ኪራይ ተቀንሶለት እፎይ ማለቱን መካድ አይቻልም። ግን ቃሉን ልብ በሉት። በአማርኛ ትርፍ ማለት ነጋዴው ያገኘውም ነው፣ የማያስፈልገውም ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሦስተኛ ትርጉም ተጨመረበት፤ ሌላ ሰው መጥቶ ‹‹ይሄ ይበዛብሃል›› የሚልህ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በመጋቢት 1969 ዓ.ም.፣ የቤት ለቤት አሰሳው መጣ። በዚያ ዘመን ስንት ቤት መጽሐፉን፣ ደብዳቤውን፣ ፎቶውን በገዛ ምድጃው አቃጠለ! ማሪ ኮንዶ እንደምትለው ደስታ ስለነሳቸው አልነበረም፤ አንዲት ወረቀት ልጅ ታስገድል ስለነበር ነው። ዛሬ የአጎታችሁን የተማሪነት ፎቶ ፈልጋችሁ ካጣችሁት፣ ማን እንደጣለው ለመጠየቅ አትቸኩሉ።

ይህን ያየች ሴት ባዶ ጣሳ ብታከማች ምን ይገርማል? አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ስድስት ልጅ ላሳደገች፣ ዕቃ ማለት ማንም ሳይነካባት የተረፈላት ንብረት ነው።

ከዚያ በ1990ዎቹ አጋማሽ የኮንዶሚኒየሙ ፕሮግራም መጣ። ስቱዲዮ የደረሰው ሰው ብፌውን በደረጃ ማሳለፍ አቃተው። ሙቀጫው የታች ጎረቤት አስቀየመ። ለእርድና ለእንጀራ መጋገሪያ ተብሎ የጋራ ቤት ግቢው ውስጥ ተሠራ፤ የዕቃው ጉዳይ ግን ለየባለቤቱ ተተወ። ይሄኛው ቢያንስ ዕጣ ነው፣ ሰው ጓጉቶ የሚጠብቀው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ግን ብዙዎች ቤታቸውን የለቀቁት በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። የምትወደውንና የማትወደውን ለይቶ ለማመስገን ጊዜ አልነበረም፤ የሚጫነው ተጫነ፣ የቀረው ቀረ።

ቆራሌው አሁንም ይዞራል። ኮንዶሚኒየም ግቢ ገብቶ ሲጣራ አንዲት እናት ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ብቅ ትላለች፣ ድስቷን ከፍ አድርጋ ታሳየዋለች። እሱ ከታች ዋጋ ይጠራል፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ድስቱም ተመልሶ ወደ ቤት ይገባል።